የመኖሪያ ቤትን የኤሌክትሪክ ኃይል ማሳደግ፤ ከየት ይጀመራል? ማንስ ይፈቅዳል?

የበዓል ዋዜማ ነው። በባሕር ዳር በአንድ ግቢ ውስጥ የእንጀራ ምጣድ ይለኮሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ብሬከሩ ይወርዳል። ከፍ ያደርጉታል፤ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም በሰፈሩ “ኤሌክትሪክ ይሞክራል” የሚባል ሰው ይጠራና ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 አምፔር ያስገባል። ምጣዱ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ቤተሰቡም ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ከመቃጠል ይጠብቅ የነበረው መሣሪያ ከቦታው ተነሥቷል።

ብሬከር ኃይል አይጨምርም። ሥራው ሽቦው ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲጠየቅ መስመሩን መቁረጥ ነው። ስለዚህ የብሬከሩ መጠን የሚወሰነው በምጣዱ ፍላጎት ሳይሆን በሽቦው ውፍረት ነው። በቱቦ ውስጥ ለተዘረጋ የመዳብ ሽቦ በጥንቃቄ ሲታሰብ፣ ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ10 አምፔር፣ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በ16 እስከ 20፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬው በ25፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬው ደግሞ በ32 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል። ለሶኬት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ባለ 32 አምፔር ብሬከር የተገጠመለት ቤት ሽቦው እየጋለ፣ ፕላስቲክ ሽፋኑ እየደረቀና እየተሰነጣጠቀ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከሶኬቱ ዙሪያ የሚወጣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ የሶኬት ቀዳዳና ሲነካ የሚሞቅ የግድግዳ ክፍል የዚህ ምልክቶች ናቸው።

የጣና አካባቢ ነዋሪ ከኃይል ምንጭ ሩቅ አይደለም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኘው የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1964 ሥራ ጀምሯል፤ ሁለተኛው በ2001 ተከትሏል። የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ የሚወስደው የጣና በለስ ጣቢያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ አቅም ደግሞ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ቤት ኃይል በጣቢያው ቅርበት አይወሰንም። ኤሌክትሪኩ በ15 ሺህ ወይም በ33 ሺህ ቮልት መስመር እስከ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይመጣል፤ እዚያ ወደ 380 እና 220 ቮልት ይወርዳል፤ ከምሰሶ ወደ ቤቱ በሚሳብ ገመድ ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪውም ወደ ቤቱ ማከፋፈያ ሳጥን ይገባል። ኃይል ማሳደግ ማለት ከእነዚህ ውስጥ ጠባቡን ክፍል ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው። ጠባቡ ሳጥኑ ሆኖ ሳለ ቆጣሪ መጠየቅ፣ ወይም ጠባቡ ትራንስፎርመሩ ሆኖ ሳለ ሳጥን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ወደ የትኛውም ቢሮ ከመሄድ በፊት በቤቱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች የዋት መጠን መመዝገብ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በዕቃው ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። የእንጀራ ምጣድ እንደ አሠራሩ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ይወስዳል፤ በአገር ውስጥ የሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ምንም ጽሑፍ ስለሌላቸው በባለሙያ መለካት ይኖርባቸዋል።

አንድ ተራ ቤተሰብን እንውሰድ። ምጣዱ 3 ሺህ 500፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው 1 ሺህ 500፣ የሻወር ውኃ ማሞቂያው 1 ሺህ 500፣ ካውያው 1 ሺህ፣ ፍሪጁ 200፣ መብራትና ቴሌቪዥኑ 300 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 8 ሺህ ዋት ይሆናል። ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ36 አምፔር በላይ ነው፤ ባለ 32 አምፔር ዋና ብሬከር አይችለውም። ነገር ግን እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የውኃ ማሞቂያውና ካውያው ከጠፉ ፍላጎቱ ወደ 5 ሺህ 500 ዋት፣ ማለትም ወደ 25 አምፔር ይወርዳል። ብዙ ቤተሰቦች ኃይል ማሳደግ የሚያስፈልጋቸው እየመሰላቸው የሚያስፈልጋቸው ግን የሰዓት ክፍፍልና ለምጣዱ ብቻ የተለየ መስመር ነው። ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ስለሚወስድ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ሶኬት መስመር ላይ፣ በተለይም በዲቫይደር በኩል፣ ሊሠራ አይገባውም። ከሳጥኑ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ኩሽና የሚሄድ፣ የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር ለብዙ ቤቶች በቂ መልስ ነው። ይህ የውስጥ ሥራ ስለሆነ አዲስ ቆጣሪ አይጠይቅም።

ተከራዮች በሚበዙባቸው ግቢዎች ሒሳቡ ሌላ ነው። አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ አራት ምጣድ በአንድ ጠዋት ሊለኮስ ይችላል፤ ያ ብቻ 14 ሺህ ዋት ነው። በዚህ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ፍጆታው በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲጠራቀም የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ወዳለው እርከን ይገባል። ለየብቻ ቢቆጠር በዝቅተኛው እርከን ሊከፍል የሚችል ተከራይ የጎረቤቱን ፍጆታ ዋጋ አብሮ ይሸከማል። አከራዮች “የመጋገሪያ ቀን” እያወጡ ተራ የሚያስይዙት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ተራው የሽቦውን ጭንቀት ያቃልላል እንጂ የሒሳቡን አይፈታም።

የማን ንብረት፣ የማን ፈቃድ

ነዋሪው እስካሁን “መብራት ኃይል” እያለ የሚጠራው ተቋም በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ ያከፋፍላል፣ ይሸጣል። የቤት ጉዳይ የሚቀርበው ለሁለተኛው ነው፤ ነፃ የስልክ መስመሩም 905 ነው።

ወሰኑ ቆጣሪው ነው። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድና ራሱ ቆጣሪው የአገልግሎቱ ኃላፊነት ናቸው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሳጥን፣ ሽቦ፣ ሶኬትና መሬት ውስጥ የሚቀበረው መስመር የባለቤቱ ነው። የቆጣሪውን ማኅተም መስበር፣ ከቆጣሪው በፊት ካለው ገመድ መቀጠል ወይም ቆጣሪውን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዛወር “ትንሽ ማስተካከያ” ቢመስልም በሕግ ያስጠይቃል። እንዲህ ያለው ቅጥያ በአብዛኛው ብሬከር የሌለው በመሆኑ አደጋ ሲደርስ የሚያቋርጠው ነገር የለም።

ኃይል እንዲያድግ ወይም ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ወደ ባለ ሦስት ፌዝ እንዲቀየር የሚፈልግ ደንበኛ በአቅራቢያው ባለው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል በጽሑፍ ያመለክታል። መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የውል ቁጥሩ የሚታይበት የቅርብ ጊዜ ቢልና የሚያስፈልገው ኃይል መጠን ከዕቃዎቹ ዝርዝር ጋር ተዘጋጅቶ ቢቀርብ ምልልስ ይቀንሳል። በገጠር ላለ አርሶ አደር የይዞታ ማረጋገጫው የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነው። ቆጣሪው በሟች አባት ወይም በቀድሞው ባለቤት ስም ከሆነ አስቀድሞ የስም ዝውውሩን መጨረስ ይሻላል፤ ብዙ ማመልከቻ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ውዝፍ ሒሳብም እንዲሁ።

ከማመልከቻው በኋላ የተቋሙ ባለሙያ ቦታው ድረስ መጥቶ ከምሰሶው ያለውን ርቀት፣ የገመዱን ውፍረትና ትራንስፎርመሩ ተጨማሪ ጭነት መቻል አለመቻሉን ያያል። ከዚያ የሥራው ዋጋ ተሰልቶ ለደንበኛው ይነገራል፤ ክፍያው ሲፈጸምና ውሉ ሲታደስ ሥራው ተራ ይይዛል። ክፍያ የሚፈጸመው በተቋሙ ሕጋዊ አሠራር፣ በደረሰኝ ብቻ ነው። መሰላል ተሸክሞ ለመጣ ሠራተኛ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ በመዝገብ ላይ ስለማይታይ፣ ነገ ቆጣሪው ያለፈቃድ ተቀይሯል ቢባል ደንበኛው ማስረጃ አይኖረውም።

የትራንስፎርመሩ ጉዳይ ብዙ ደንበኛን ያስቆጣል፤ ሆኖም ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር 14 ያህል ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲለኮስበት አቅሙን ጨርሷል። በበዓል ዋዜማ ሰፈሮች በጨለማ የሚዋጡት ለዚህ ነው። ትራንስፎርመሩ ሞልቶ ከሆነ የአንዱ ቤት ቆጣሪ መቀየሩ ለጎረቤቶች የቮልት መውረድን ያመጣል። በዚህ ጊዜ የሰፈሩ ደንበኞች በጋራ አመልክተው የትራንስፎርመሩ አቅም እንዲያድግ ቢጠይቁ፣ እያንዳንዱ በተናጠል ከሚያቀርበው አቤቱታ የተሻለ ክብደት ይኖረዋል።

የግንባታ ፈቃድ መቼ ያስፈልጋል?

አሮጌ ሳጥን በአዲስ መተካት ወይም አንድ መስመር መጨመር በራሱ ቤቱን አይለውጥም። የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ የሚነሣው ኃይሉ የሚፈለግበት ምክንያት ግንባታ ወይም የአገልግሎት ለውጥ ሲሆን ነው፤ ተጨማሪ ክፍል ወይም ፎቅ ሲሠራ፣ መኖሪያ ቤት ወደ ሱቅ፣ ወደ ምግብ ቤት ወይም ወደ ብረታ ብረት ሥራ ሲቀየር ማለት ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። የምሰሶዎቹ ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት በ“ሀ” ምድብ ይወድቃል፤ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ደግሞ በ“ሐ”። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር በባለሙያ የተዘጋጀ የኤሌክትሪክ ንድፍ ከሌሎቹ ንድፎች ጋር እንዲቀርብ ይጠየቃል። በባሕር ዳር ጉዳዩ ለከተማ አስተዳደሩ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይቀርባል።

ቅደም ተከተሉን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ፎቁን ጨርሶ፣ ግድግዳውን ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ ስለ ኤሌክትሪክ ማሰብ የሚጀምር ባለቤት የተለሰነውን ግድግዳ መልሶ ይሰብራል። ቱቦው ከልስኑ በፊት፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው መስመር ደግሞ ግቢው በድንጋይ ከመነጠፉ በፊት መግባት አለበት።

የውስጥ ሥራውን ማን ይሥራው የሚለው በሕግ የተመለሰ ነው። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠሩ ተቋራጮችና ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል፤ ይህን የሚቆጣጠረው የቀድሞው የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። የብቃት ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። ወረቀቱ ብቻውን ጥሩ እጅ ለመሆኑ ዋስትና ባይሆንም፣ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂ ሰው መኖሩን ያረጋግጣል።

በአዲሱ ሳጥን ውስጥ

ዋና ብሬከር፣ ለመብራት፣ ለሶኬት፣ ለምጣድና ለውኃ ማሞቂያ የተለያዩ ብሬከሮች፣ የዜሮ እና የመሬት መስመር ማሰሪያዎች ለየብቻ፤ ይህ መሠረታዊው ነው። በብዙ ቤቶች የማይገኘው አር ሲ ዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። ብሬከር ሽቦን ይጠብቃል፤ አር ሲ ዲ ሰውን። በ30 ሚሊ አምፔር የሚሠራው ዓይነት ኤሌክትሪክ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ማምለጥ ሲጀምር በቅጽበት ይቆርጣል። በእርጥብ እጅ ሊጥ እየቀዳች፣ በተጠረገና ገና ባልደረቀ ወለል ላይ ቆማ ከምጣድ ጋር የምትሠራ እናት ከሁሉም ይበልጥ የምትፈልገው ይህን ነው።

እዚህ ላይ የሚያጋጥም ችግር አለ። የምጣዱ ሸክላ እርጥበት ሲይዝ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያፈስ አር ሲ ዲው ደጋግሞ ሊወርድ ይችላል። አንዳንድ ሠራተኞች መፍትሔ ብለው መሣሪያውን ነቅለው ይጥሉታል። መሣሪያው ግን ሥራውን እየሠራ ነው፤ መጠገን ያለበት ምጣዱ ነው። ሽቦው የተጋለጠ ወይም የብረት አካሉ ከመሬት መስመር ጋር ያልተያያዘ ምጣድ አር ሲ ዲ ኖረም አልኖረም ለቤት አይሆንም።

የመሬት መስመሩ ደግሞ እንደ አፈሩ ነው። በፎገራና በደራ ሜዳ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ በበጋ ግን ይሰነጠቅና የተቀበረው ዘንግ በዙሪያው ካለው አፈር ይለያል። በሐምሌ ተለክቶ ጥሩ የተባለ መስመር በሚያዝያ ዋጋ ሊያጣ ስለሚችል ልኬቱ በደረቁ ወቅት ቢደረግ ይመረጣል። ጥቁር ድንጋይ ከላይ ባለባቸው የባሕር ዳር ሰፈሮች ዘንጉ ጥቂት ወርዶ ይቆማል። ቆርጦ ማሳጠር የተለመደ ማታለያ ነው፤ ተገቢው ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ወይም በርካታ ዘንጎችን በቂ ርቀት ሰጥቶ ማያያዝ ነው።

ሦስት ፌዝ፣ ወፍጮና ፓምፕ

ለእህል ወፍጮ፣ ለወረታ አካባቢ የሩዝ መፈልፈያ ወይም ለብየዳ የሚፈለገው ባለ ሦስት ፌዝ ነው። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው የወፍጮ ሞተር 11 ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ በ380 ቮልት ሲሠራ ከ22 አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ ይወስዳል። ሲነሣ ግን ለጥቂት ሰከንዶች የዚህን አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ስታር ዴልታ የሚባለው ማስነሻ የሚገጠመው ይህን ለማለዘብ ነው፤ ያለ እሱ የሚነሣ ወፍጮ የጎረቤቱን አምፖል ሁሉ ያደበዝዛል።

ወደ ሦስት ፌዝ በተቀየረ ቤት ትልቁ አደጋ የዜሮው መስመር መላላት ነው። ዜሮው ሲላቀቅ 220 ቮልት ሊደርሳቸው የሚገባ ሶኬቶች እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀር በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ቆጣሪው በተቀየረ ዕለት ምንም ዕቃ ሳይሰካ በየሶኬቱ ያለው ቮልት ይለካ፤ የዜሮው ማሰሪያም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ይጥበቅ።

በሐይቁ ዳርቻና በወንዞች አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አርሶ አደር የናፍጣ ሞተሩን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለመተካት ሲያስብ ሒሳቡን የሚያበላሽበት ርቀት ነው። ከቆጣሪው 200 ሜትር ርቆ የሚገኝ፣ 14 አምፔር የሚወስድ ባለ አንድ ፌዝ ፓምፕ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ቢያያዝ 41 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ፓምፑ የሚያገኘው ከ180 ቮልት ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ይጮኻል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል፤ ጥፋቱ ግን በፓምፑ ሻጭ ላይ ይላከካል። በዚያው ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ቢዘረጋ የሚቀረው 10 ቮልት ያህል ነው። ገመዱ ውድ ነው፤ ሁለተኛ ፓምፕ መግዛት ግን ይብሳል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር ማስገባት በከተማም በገጠርም ይታያል። ዋናው ብሬከር ሳይወርድ ቀርቶ ከሆነ ያ ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ በሺህዎች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተቋረጠ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። ሳጥን ሲቀየር ከሁለቱ ምንጮች አንዱን ብቻ የሚያገናኝ ማዞሪያ አብሮ ማስገጠም ብዙ ወጪ አይጨምርም።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበም ከወዲሁ ማስላት አለበት። 7 ኪሎ ዋት የሚወስድ የቤት ቻርጀር 32 አምፔር ያህል፣ ያውም ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይስባል። ይህ የብዙ ቤቶችን ሙሉ አቅም ብቻውን የሚወስድ ስለሆነ፣ ማመልከቻው ላይ ከምጣዱና ከውኃ ማሞቂያው ቀጥሎ መጻፍ አለበት።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ከባለሙያው ሊቀበላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ የየብሬከሩ መስመር የተጻፈበት የሳጥን ክዳን፣ ሽቦው በየትኛው ግድግዳ እንዳለፈ የሚያሳይ ቀላል ንድፍ፣ የመሬት መስመሩ ልኬት ውጤትና ልኬቱ የተደረገበት ቀን። የክፍያ ደረሰኙና የታደሰው ውል ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር ይቀመጣሉ። የአር ሲ ዲው መሞከሪያ ቁልፍ በወር አንድ ጊዜ ይጫን፤ ተጭኖ ካልወረደ መሣሪያው መቀየር አለበት።